የኅዳር አራስ

«ዝም በይ አልኩሽ! ጠያቂዎቹ ይሂዱና እፈታሻለሁ።»

ሰገነት ይህን ስትሰማ የገንፎው ሳህን ጭኗ ላይ ነበር። ድምፁ የአማቷ የእማማ በለጡ ነው፤ የመጣውም ከአልጋዋ ራስጌ ካለው ግድግዳ ወዲያ፣ እህል ከሚቀመጥባት ጓዳ። ወዲያው ደግሞ አፉ የታፈነ ሰው የሚያቃስት የመሰለ ድምፅ ተከተለ። ፊት ለፊቷ፣ ቀይ አፈር በተለቀለቀው መደብ ላይ የተቀመጡት ሦስት ሴቶች አልሰሙም፤ ሰምተውም ከሆነ ያልሰሙ መስለዋል። አንደኛዋ ቅቤ ኪሎው ሁለት ብር ተኩል መግባቱን እያማረረች ነበር። ሁለተኛዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጃንሆይን ፎቶግራፍ ትኩር ብላ ታያለች። ሦስተኛዋ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች፣ ገንፎውን ሳትቀምስ፣ በየመሃሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች። በደኅናው ዘመን ቢሆን ይህ ቤት በሴት ተሞልቶ መቆሚያ አይገኝበትም ነበር። ዘንድሮ ግን ሐረር ፈንጣጣ ገብቷል፤ አራስ ለመጠየቅ እንኳ ሰው የሰው ደጅ ይፈራል።

ከሆስፒታል የወጣችው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው፤ ኅዳር ሚካኤል። ምጡ ሁለት ቀን ስለፈጀና ብዙ ደም ስለፈሰሳት አሥራ ሁለት ቀን ተኝታለች። በበሽታው ምክንያት ጠያቂ አይገባም ስለተባለ ባሏ ሃምሳ አለቃ እንደሻው አንድ ቀን እንኳ ልጁን አላየም፤ ከጦር ሰፈሩ ሰላምታ ብቻ ይልካል። በየቀኑ የምትመጣው የእንደሻው እህት ፀሐይ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አጥሚቱን ለዘበኛው ትሰጥና ከአጥሩ ውጭ ሆና «ለልጅሽ ጋቢ እየሠራሁላት ነው! ጫፉን መቋጨት ብቻ ቀረኝ!» እያለች ስትጮኽ በሽተኛው ሁሉ ይስቅ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቀረች። ሰገነትም በሽታውን ፈርታ ይሆናል ብላ አላዘነችባትም።

ሊወስዷት የመጡት እማማ በለጡ ብቻቸውን ነበሩ። ጋሪው ከከተማው ግንብ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር ላይ አወረዳቸው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለጋሪ አይበቃም። ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ስለሆነ በየደጁ ጥራጊ ተከምሮ ይቃጠላል፤ ጭሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ባለው ግንብ መሃል ታፍኖ መውጫ አጥቷል። አንዳንዱ በር ላይ የጤና ጠባቂዎች የቀቡት ቀይ ቀለም አለ፤ በሽተኛ የተገኘበት ቤት ነው ማለት ነው። ከእነሱ ግቢ ፊት ለፊት ያለው የሐዋ በር ተቀብቷል። የሐዋን የአራት ዓመት ልጅ ከሦስት ሳምንት በፊት ከከተማው ውጭ ወደተተከለው ድንኳን ወስደውት እዚያው ሞቷል። ልጁ መታመሙን ለጠባቂዎቹ የተናገሩት እማማ በለጡ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሐዋ ደጇ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሕፃኗን አየች፣ እማማ በለጡን አየች።

ግቢ ሲገቡ ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። እማማ በለጡ ሕፃኗን ተቀብለው አዲስ ነጭ ጋቢ አለበሷትና አልጋው ላይ አስተኟት። ጫፉ ገና ግማሹ ነው የተቋጨው።

«ፀሐይስ?» አለች ሰገነት።

«ሶፊ ገጠር፣ አክስቷ ዘንድ ሰደድኳት። ይሄ ነገር እስኪያልፍ።»

አሁን፣ ከጓዳው ድምፁን ከሰማች በኋላ፣ ሰገነት የገንፎውን ሳህን መሬት አኖረች። ሴቶቹ ቶሎ እንዲሄዱላት ደከመኝ አለች። እነሱም የመሄጃ ሰበብ አጥተው ነበርና ተመራርቀው ተነሡ። እማማ በለጡም ከጓዳው መጥተው ሊሸኟቸው ወጡ። ሰገነት ሕፃኗን አልጋው ላይ ትታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ወደ ጓዳው ሄደች። መዝጊያው በጠፍር ታስሯል። ፈታችው።

መጀመሪያ ያገኛት ሽታው ነው። ቀጥሎ ጨለማውን ስትለምደው ፀሐይን አየቻት። ጆንያ ላይ ተጋድማለች፤ ሁለት እጆቿ ከቤቱ ምሰሶ ጋር በገመድ ታስረዋል፤ አፏ ውስጥ ጨርቅ ተወትፏል። ፊቷ የሰው ፊት አይመስልም ነበር። ግንባሯም፣ ከንፈሯም፣ የዓይኗ ቆብ ሳይቀር መግል በቋጠረ እብጠት ተሸፍኗል፤ የግራ ዓይኗ ተከድኗል። ሰገነት ተማሪ ቤት ሳለች ተከትባለች፤ ጠባሳው ክንዷ ላይ አለ፤ በሽታው እንደማይዛትም ታውቃለች። ተንበርክካ ጨርቁን ከአፏ ጎተተች።

ፀሐይ አየር ስታገኝ ውኃ አልለመነችም፤ ፍቺኝም አላለችም።

«ጋቢውን!» አለች ድምፅ በሌለው ጉሮሮ። «ጋቢውን አውልቂላት! ሲያንቀጠቅጠኝ እሱን ለብሼ ነበር የምተኛው። ለእማዬ ነገርኳት፤ ታጥቧል አለችኝ፤ አልታጠበም። እሱን ልነግርሽ ነው የጮኽኩት።»

ሰገነት እንዴት ተመልሳ እንደሮጠች አታውቅም። በእጇ መንካት ፈራችና የጋቢውን ጫፍ በማማሰያ ዘንግ አንሥታ፣ ከልጇ ላይ ገፍፋ፣ ግቢው መሃል በሚነደው ጥራጊ ላይ ወረወረችው። እጇን በሳሙና፣ ከዚያም በአረቄ ታጠበች። ልጇን ራቁቷን አድርጋ ደረቷንና ፊቷን በለብ ያለ ውኃ አጠበቻት፤ ከሆስፒታል ይዛው በመጣችው አንሶላም ጠቀለለቻት። ሕፃኗ አለቀሰች። እማማ በለጡ ሲመለሱ ያገኟት እንዲህ ሆና ነው።

«ያየሁትን አይቻለሁ» አለች ሰገነት።

እማማ በለጡ ቁጭ አሉ። አልካዱም። «ገመዱን ያሰርኩት ፊቷን እንዳትቧጭረው ነው» አሉ። «ሠርጓ ለጥር ነው፤ ጥሎሽ ተቀብለናል። ሰው ከሰማ ማን ይወስዳታል? ደግሞስ ከዚያ ድንኳን ማን በሕይወት ተመለሰ? የሐዋ ልጅ ተመለሰ?»

«የሐዋን ልጅ ያስወሰዱት እኮ እርስዎ ነዎት።»

ይህን ተናግራ እሷው ደነገጠች፤ በሦስት ዓመት ትዳሯ ለአማቷ እንዲህ መልሳ አታውቅም። ቀጥላም «እንደሻው ያውቃል?» ብላ ጠየቀች። መልሱን ከመስማቷ በፊት ከሴትዮዋ ፊት አነበበችው።

«ልጄ አይደለም እንዴ» አሉ እማማ በለጡ። «ሊነግርሽ ነበር። ወተትሽ ይደርቃል ብለን ነው።»

ልጇን ታቅፋ ወደ ግቢው በር ሄደች። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እማማ በለጡ መቀነት ውስጥ ነው። ስጡኝ፣ አልሰጥም ሲባባሉ እንደሻው ከውጭ አንኳኳ። የበዓል ፈቃድ አግኝቶ ነው የመጣው። እናቱ ከፍተው አስገቡት፤ መልሰውም ቆለፉ። ሚስቱን ከነልጇ ግቢው መሃል ቆማ ሲያያት ሁሉም ነገር ገባው። የሕፃኗን ፊት ለማየት ጎንበስ አላለም።

«ግቢ» አላት።

«ልጄን ወደ ሐኪም እወስዳለሁ። ፀሐይንም ዛሬውኑ ያክሟታል።»

«ግቢ አልኩሽ። ከዚህ ግቢ ሰውም ወሬም አይወጣም። ወንድሟ እኔ ነኝ፤ እንደ ውሻ በቃሬዛ ሲጎትቷት አላይም።»

«ታዲያ አሁን ገብተህ እያት! እንደ ምን እንደታሰረች እይ!»

በጥፊ መታት። ሕፃኗ ከእጇ ልታመልጥ ስትል እማማ በለጡ ቀለቧት። በዚያን ጊዜ እንደሻው የወታደር ቀበቶውን ፈታ። ጀርባዋን፣ ትከሻዋን፣ ለመከላከል ያነሣቻቸውን እጆቿን ገረፋት፤ የቀበቶው ብረት ግንባሯን ሲያገኘው ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ገና ካልዳነው የወሊድ ቁስሏ ደም ሲወርድ በእግሯ መሃል ተሰማት። እማማ በለጡ ሕፃኗን እንደያዙ «ይበቃታል፣ አራስ ናት» አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። እሱም የቆመው ክንዱ ሲዝል ነው። ቀበቶውን ጥሎ ወደ ቤት ገባና መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ጓዳው ግን ቀና ብሎ አላየም። ፀሐይ ከታመመች ጀምሮ አንድም ቀን ያን መዝጊያ አልፎ አያውቅም።

ሰገነት ተነሣች። ልጇን ከአማቷ እጅ ነጠቀች፤ እሳቸውም የደም ጠብታውን አይተው አልታገሏትም። ወደ ጓሮ ዞረች። ጓሮው ከሐረሪዋ ጎረቤታቸው ከዘቢባ ግቢ ጋር የሚዋሰነው በአንድ የድንጋይ ካብ ነው፤ ካቡ ደግሞ ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። ዘቢባ ጩኸቱን ሰምታ ካቡ ሥር ቆማ ኖሮ ገና ስሟ ሳይጠራ ብቅ አለች። ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት ናት፤ ፊቷን በልጅነቷ ፈንጣጣ በሳስቶታል።

«ያ አላህ! ምን አደረገሽ?»

«እትዬ ዘቢባ፣ ልጄን ያዥልኝ። ፀሐይ ፈንጣጣ ይዟት ጓዳ ውስጥ አስረዋታል።»

«ስጪኝ። ስጪኝ እንጂ አቦ! እኔን አንዴ በልቶኛል፤ ዳግም አይበላኝም።» ሕፃኗን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ቢስሚላሂ። አንቺስ? ነይ ውጪ፣ ድንጋዩን ርገጪ።»

ሰገነት ካቡን ያዘች። ከዚያም ለቀቀችው። «ከድርን ላኪልኝ» አለች፤ ከድር የዘቢባ ባል ነው። «ድሬሰር ሥራዬን ከጤና ጣቢያው ይጥራው። እኔ ፀሐይን ሳልፈታ አልወጣም።»

ወደ ጓዳው ስትገባ እንደሻው ከመደቡ ተነሣ። ሰገነት ገመዱን በጥርሷም በጥፍሯም እየፈታች ሳለ ከኋላዋ ፀጉሯን ይዞ ጎተታት። ያን ጊዜ እንኳ ዓይኑን ከእህቱ ላይ ሸሽቶ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ሰገነት በጀርባዋ ወድቃ እጇ መሬቱን ሲዳብስ ሙቀጫው አጠገብ የተጋደመውን ዘነዘና አገኘ። ተንበርክካ በሙሉ ጉልበቷ ሰነዘረችው። ከጆሮው በላይ አገኘው። እንደሻው አንድ ቃል ሳይናገር በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ከዚያም በጎኑ የጤፍ ጆንያ ላይ ወደቀ። ደሙ ጆንያውን አራሰው። ሰገነት እስትንፋሱን አዳመጠች፤ አለ። ዘነዘናውን ከእጇ ሳትለቅ የቀረውን ቋጠሮ ፈታች። የፀሐይ እጆች ወደቁ፤ ገመዱ ሥጋዋን በልቶታል።

«ገደልሽው?» አለች ፀሐይ።

«አልገደልኩትም።»

«ሕፃኗ ምን ትመስላለች?»

ሰገነት ልትመልስላት ስትል የግቢው በር ተደበደበ። ድሬሰር ሥራዬ ከሁለት ጠባቂዎችና ከከድር ጋር ቃሬዛ ይዞ መጥቷል። እማማ በለጡ ቁልፉን አልሰጥም ብለው በሩን በጀርባቸው ደገፉ፤ ጠባቂዎቹ ከነሳንቃው ገፍተው ጣሏቸው። ሥራዬ ጓዳውን አይቶ ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «ስንት ቀኗ ነው?» ብሎ ጮኸ። «ስንት ሰው ገብቶ ወጥቷል? አራስ ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ!» ፀሐይን በአንሶላ ጠቅልለው ቃሬዛው ላይ አጋደሟት፤ ጆንያው ላይ የሚያቃስተውን እንደሻውን እዚያው ተዉት።

ደጅ ሲወጡ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ጠባቂና ቃሬዛ ሲገባ ያየ ሁሉ ተሰብስቧል። መጀመሪያ ጉምጉምታ ነበር። ከዚያ ሐዋ ከመሃል ወጣች።

«የኔን ልጅ አስወስደሽ የራስሽን ደበቅሽ!» አለች ለእማማ በለጡ። «ወሪያ፣ ስሙ! ልጄን ከደረቴ ላይ አስነጥቃኝ እሷ የራሷን አስተኝታ ስትቀልብ ነበር! በልጆቻችን መሃል እየተመላለሰች!»

የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረችው እሷ ናት። እማማ በለጡን ግንባራቸው ላይ አገኛቸው። ከዚያ በኋላ የማን ድንጋይ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ሥራዬ ትከሻው ላይ ተመታ፤ አንደኛው ጠባቂ ቃሬዛውን ጥሎ ሸሸ። ከድር ሰዉን ሲመክት ሰገነት በሸሸው ጠባቂ ቦታ ገብታ የቃሬዛውን እጀታ ያዘች፤ በያንዳንዱ እርምጃ ደሟ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይወርዳል። እማማ በለጡ ተነሥተው፣ ነጠላቸው ወድቆ፣ ሽበታቸው በደም ተጣብቆ፣ ከቃሬዛው ፊት ፊት ይሄዱ ጀመር። የተወረወረባቸውን ድንጋይ እያነሡ መልሰው ይወረውሩ ነበር። አንድ ጎረምሳ ከሚነደው ጥራጊ የእሳት ግንድ መዝዞ «አቃጥሏት! ሳትጨርሰን አቃጥሏት!» እያለ ወደ ቃሬዛው ሮጠ። ፀሐይ አንሶላው ተገልጦ ያን ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

የጎረምሳውን ክንድ የያዘችው ሐዋ ናት። በእጇ ሌላ ድንጋይ ነበር፤ እሱን ጥላ ነው የያዘችው። «እሷ ምን አደረገች?» አለች። «እሷ ምን አደረገች? ልጅ ናት እኮ!» ግንዱን ቀምታ እግሯ ሥር ጣለችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ የሞተውን ልጇን ስም እየጠራች አለቀሰች። ሰዉ ግራና ቀኝ ሸሽቶ መንገዱን ለቀቀ።

ፈላና በር ሲደርሱ ከድር እጀታውን ከሰገነት ተቀበላት። ሥራዬ ከዚህ እንድትመለስ አዘዛት። ከአስታማሚዎች አንድ ሰው ከበሽተኛዋ ጋር ድንኳን መግባት ይችላል፣ የገባ ግን በሽታው እስኪያልፍ አይወጣም ሲል እማማ በለጡ ቃሬዛውን ተከተሉ። ወደ ኋላ አልተመለከቱም።

ከቀትር በኋላ ሥራዬ ወደ ዘቢባ ቤት መጣ። አንድ ክንዱን በመቀነት አንጠልጥሏል። የሕፃኗን ክንድ በአልኮል ጠርጎ በመርፌ ጫጫር አደረገና መድኃኒቱን አኖረ፤ ሕፃኗ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። «ጋቢውን የለበሰችው ዛሬ ጠዋት ከሆነ ቀድመነዋል» አለ። «ከሰባት ቀን በኋላ ታተኩሳለች፤ አትደንግጪ፣ ክትባቱ ነው።» እንዳለውም ሆነ። አተኮሳት፤ ክንዷ አበጠ፤ ቅርፊቱ ሲረግፍ ተሻላት፤ ከክትባቱ ጠባሳ በቀር አካሏ ላይ ምንም አልወጣም። ፀሐይ ከድንኳኑ የወጣችው ገና ካለፈ በኋላ ነው፤ የግራ ዓይኗ ጠፍቷል። የሙሽራው ወገኖች ግን ገና በተወሰደችበት ሳምንት ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፍርሰዋል። ከፀሐይ ጋር ድንኳን የገቡት እናቷ በሽታው ይዟቸው በአሥራ ስድስተኛው ቀን እዚያው ሞቱ፤ ልጃቸውን ሲያስታምሙ።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። ሰገነት በዘቢባ ቤት ሰፊ መደብ ላይ ተኝታ ልጇን ስታጠባ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ በሩ ተንኳኳ። ዘቢባ በስንጥቁ አየችና «እሱ ነው» አለች። ከድር በትሩን አነሣ።

«ሰገነት» አለ እንደሻው ከውጭ። «ነይ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ። ልጄን ልያት።»

ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተታል፤ ጭንቅላቱ ቆስሏል፤ በእሷ እጅ ነው የቆሰለው። አላዘነችለትም፤ አልጠላችውምም። ደክሟት ነበር።

«ፀሐይን አይተሃታል?» አለችው።

እንደሻው በሩን ዳግመኛ በመዳፉ መታ።

«አንድ ቀን አላየሃትም። ጓዳው ውስጥ ፀጉሬን ይዘህ እንኳ አላየሃትም። መጀመሪያ እሷን አይተህ ና።»

የጫማው ድምፅ ራቀ። ዘቢባ ወደ ጣሪያው ወጥታ ስትመለስ «ወደ ጦር ሰፈሩ ነው መሰለኝ የሄደ» አለች። ሰገነትም የጠበቀችው ይህንኑ ስለነበር ዓይኗን ጨፈነች።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ተመለሰ። በሩን አላንኳኳም፤ ደፉ ላይ ሲቀመጥ የተሰማው የትንፋሹ ድምፅ ነው። እያለቀሰ ነበር፤ ልቅሶ እንዳልለመደ ሰው፣ በጉሮሮው።

«አየኋት» አለ። «ከድንኳኑ ደጅ ቆሜ አየኋት።»

ሰገነት ልጇን ለዘቢባ ሰጥታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ወደ መዝጊያው ቀረበች። አልከፈተችም። «አሁን እኛን መንካት የለብህም» አለችው። «ነገ ለሥራዬ ክንድህን ስጥ። ምን አለችህ?»

«ስለ ሕፃኗ ጠየቀችኝ። ምን ትመስላለች አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«አላውቅም አልኳት። የገዛ ልጄን አላውቃትም አልኳት።»

ሰገነት ግንባሯን ሳንቃው ላይ አሳረፈች። የቀበቶው ብረት የቀደደው ቦታ ነደዳት። ይህን ሰው መቼ ይቅር እንደምትለው፣ ጨርሶ ይቅር ትለው እንደሆነም አታውቅም ነበር። ከወዲያ ግን ድንኳን ውስጥ መልስ የምትጠብቅ ልጅ አለች።

«ስማ» አለች። «እንዳትረሳው። ፀጉሯ ብዙ ነው በላት፤ እስከ ግንባሯ የወረደ፣ ጥቁር።»

«ፀጉሯ ብዙ ነው» አለ እንደሻው።

«አፍንጫዋ የእናንተን ቤት ነው። ስታለቅስ አገጯ ይንቀጠቀጣል። ግራ እጇን ከመጠቅለያው አውጥታ ካልሆነ አትተኛም።»

«ግራ እጇን...»

«ደህና ናት በላት። ሰምቼሻለሁ በላት፤ በጊዜ ሰምቼሻለሁ።»

እንደሻው ከበሩ ወዲያ ቃል በቃል እየደገመ ተነሣ። ሰገነት ድምፁ በጠባቡ መንገድ ወደ ፈላና በር ሲወርድ፣ «ፀጉሯ ብዙ ነው፤ እስከ ግንባሯ የወረደ» እያለ ሲርቅ፣ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አዳመጠችው።